የጉና አገር፤ ምድሩ፣ ሕዝቡ፣ ንግዱና ልማዱ

ከባሕር የራቀ አገር በምን ይነግዳል?

የሚገዛበትንና የሚሸጥበትን አገር ጠባይ ሳያውቅ የሚነግድ ሰው፣ መንገዱን ሳይጠይቅ በሌሊት እንደሚጓዝ መንገደኛ ነው። ቢያተርፍም ቢከስርም ውጤቱ ከዕድሉ እንጂ ከብልኀቱ አይደለም። ስለዚህ የአገርን አቀማመጥ፣ የአየሩን ጠባይ፣ የሕዝቡን ሥራና ልማድ መመርመር የተማሪ ቤት ትምህርት ብቻ ሳይሆን የመጋዘንና የሱቅ ትምህርትም ጭምር ነው።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የራስዋ የባሕር በር የላትም። በ1990 ዓ.ም. ከተነሣው ጦርነት በኋላም የዐሰብ መንገድ ስለ ተዘጋ፣ ከሚገባውና ከሚወጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚተላለፍ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የባሕር በር የሌላቸው በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ብሎ ከመዘገባቸው 32 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን፣ በሕዝብ ብዛት ከሁሉ ትበልጣለች።

ነገር ግን ከባሕር መራቅ ለሁሉም ክፍለ አገር እኩል አይደለም። ከወደቡ የሚያደርሰው መንገድ ረጅም፣ ዳገቱ ብዙ፣ በሩ ጠባብ የሆነበት አገር በባሕር አልባው አገር ውስጥ ሁለተኛ ባሕር አልባ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነው ደብረ ታቦርን መካከሉ ያደረገው የጉና ደጋ፣ ማለት የዛሬው ደቡብ ጎንደር ነው። ይህን አገር ጠንቅቆ የተመለከተ ነጋዴ ለመላው ኢትዮጵያ ንግድ የሚጠቅም አንድ ሕግ ያገኛል። ይኸውም፦ ከባሕር የራቀ አገር የሚበለጽገው ብዙ በመጫን ሳይሆን፣ የሚጫነውን ዕቃ ሳይጫን አስቀድሞ በማቅለልና በማክበር ነው።

1ኛ/ የምድሩ አቀማመጥ

የጉና ተራራ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። የደብረ ታቦር ከተማ ከተራራው በስተ ምዕራብ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከዚያም ምድሩ ወደ ምዕራብ እየተዳፋ ይወርድና ከጣና ሐይቅ ዳር በሚገኘው በፎገራ ሜዳ ላይ 1,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ግን በስማዳና በታች ጋይንት በኩል ደጋው ወደ ጥልቅ ቆላ ይሰበራል።

ጉና የውሃ አባት ነው። ጉማራና ርብ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይገባሉ፤ በምሥራቁ ወገን የሚወርዱት ምንጮች ደግሞ ከፊሎቹ በበሽሎ በኩል ወደ ዐባይ፣ ከፊሎቹ ወደ ተከዜ ይሄዳሉ። በተራራው ራስ ላይ ጅብራ፣ አስታና ጓሳ ይበቅላሉ። ይህ ሣርና ቍጥቋጦ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ በቀስ የሚለቅ ጎተራ ነው። ማረሻ ወደ ተራራው ራስ በወጣ መጠን ይህ ጎተራ ይራቆታል፤ ጉዳቱም በደጋው ገበሬ ላይ ብቻ ሳይወሰን በፎገራ መስኖና በጣና ዳር ባለው ገበያ ላይ ይደርሳል።

የምድሩ ከፍታ የሰብሉን ዓይነት ይወስነዋል። በውርጩና በከፍተኛው ደጋ ገብስና ድንች፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ግብጦ፤ በወይና ደጋው ጤፍና ኑግ፤ በፎገራ ሜዳ ሩዝና አትክልት፤ በቆላው ማሽላ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ልዩ ልዩ ገበያዎች አሉ። የደጋው ሰው ጤፍና በርበሬ ይሻል፤ የሜዳው ሰው ገብስ፣ ድንችና በግ ይሻል። አብዛኛው የአገሬው ንግድ የቆመው በዚህ የከፍታ ልዩነት ላይ ነው።

2ኛ/ ሕዝቡ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በደቡብ ጎንደር 2,051,738 ሰዎች ተቈጥረዋል። የደብረ ታቦር ከተማ ነዋሪ 55,596 ነበር። የዞኑ ስፋት 14,095 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በከተማ የሚኖረው ከ10 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ሲሆን፣ በንግድና በሽመና ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ሙስሊሞችም አሉበት።

እነዚህ ቍጥሮች ለነጋዴ ሁለት ነገር ይናገራሉ። አንደኛ፣ ገዢው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ተበትኖ በየገጠሩ ስለሚኖር ዕቃው ወደ እርሱ የሚደርሰው በየሳምንቱ ገበያ ነው። ሁለተኛ፣ የሰው ብዛት ከመሬቱ ስፋት ጋር ሲመዘን የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ማሳ ጠባብ ስለሆነ፣ ገበሬው የሚሸጠው በትንሽ በትንሹ ነው። እህሉን ሰብስቦ፣ አጥርቶና አከማችቶ በአንድነት ወደ ትልቅ ገበያ የሚያወጣ ሰው ካልተገኘ የገበሬው ድካም ዋጋ አያገኝም።

3ኛ/ የቀድሞው ንግድ

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በየጁው በራስ ጉግሣ መርሶ ዘመን እንደ ተቈረቈረች ይነገራል። ከዚያም የራስ ዐሊ፣ የዐፄ ቴዎድሮስና ለጊዜውም የዐፄ ዮሐንስ መቀመጫ ሆናለች። መኳንንትና ሠራዊት ባሉበት ገበያ አይጠፋምና የሲራራ ነጋዴ ከዚህ አገር አልተለየም። በጣና ሐይቅ ሰሜን ምሥራቅ የነበሩት የይፋግና የደሪጣ ገበያዎች ከሩቅ አገር ይታወቁ ነበር። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ዕቃ በጎጃም በበሶ ገበያ አልፎ ወደዚህ ይደርስና፣ በጎንደርና በዐድዋ በኩል ወደ ምጽዋ፣ ወይም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይተላለፍ ነበር።

የሲራራው ነጋዴ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ምን ይጭን እንደ ነበር ልብ ማለት ይገባል። ወደ ባሕር የሚወርደው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ቡና ነበር። ከባሕር የሚመጣው ሐር፣ ቀጭን ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ቅመማ ቅመም ነበር። ገብስና ስንዴ በዚያ መንገድ እስከ ምጽዋ አልተጓዘም። አጋሰሱ ራሱ የሚበላው ገለባና እህል፣ የየኬላው ቀረጥ፣ የጠባቂው ደመወዝ ሲደመር ርካሹን ዕቃ ዋጋውን ይበላበት ስለ ነበር ነው።

አሞሌ ጨው ይህን ነገር ከሁሉ በላይ ያስረዳል። አሞሌ ከአፋር ቆላ ተቈርጦ ሲወጣ በአንድ ማርትሬዛ ብር ብዙ ይገኝ ነበር፤ ከማውጫው በራቀ መጠን ግን በዚያው በአንድ ብር የሚገኘው እያነሰ ይሄድ ነበር። ሸማቹ በገበያ ላይ የሚከፍለው የጨውን ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ የመንገዱንም ዋጋ ጭምር ነበር። ይህ ሕግ ዛሬም አልተሻረም፤ የተለወጠው አጋሰሱ ብቻ ነው።

4ኛ/ የመድፉ መንገድና የመኪናው መንገድ

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ሥፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያንን የእጅ ባለሙያዎች አስቀምጠው መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው። ከተሠሩትም ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሚገመተው መድፍ ነበር። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህን መድፍ በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ በኩል በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በፊት በፊቱም መንገድ እያስጠረጉ፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

የታሪክ ሰው ከዚህ ጉዞ የንጉሡን ጽናት ይማራል። የንግድ ሰው ደግሞ አንድ ከባድ ዕቃ ከጉና ደጋ ወደ ምሥራቅ ለማውጣት ምን ያህል ጉልበትና ጊዜ እንደሚጠይቅ ይማራል።

በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት ርዳታ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተሠራ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ደብረ ታቦር በዚህ መንገድ በስተ ምዕራብ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በባሕር ዳር በኩል ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በስተ ምሥራቅ ደግሞ ከወልድያ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚያደርሰውን መንገድ ታገኛለች። በወረታም ደረቅ ወደብ ስለ ተቋቋመ፣ የአገሬው አስመጪና ላኪ የወደብ ሥራውን በቅርብ የሚያከናውንበት በር ተከፍቶለታል።

ሆኖም በአንድ መንገድ ብቻ የሚተማመን ንግድ አደጋ አለበት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ በዘለቀ ጊዜ የምሥራቁ መንገድ ተቋረጠ፤ ወልድያም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ የጦርነት ቀጠና ሆና ቈየች። እንዲህ ባለ ጊዜ በደጋ አገር ያለ ባለ ሱቅ የሚያጣው ትርፉን ብቻ አይደለም። ጨው፣ ዘይትና መድኃኒት ሲታጣ የሚጎዳው ገዢው ወገኑ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ፣ በመጋዘንም የተወሰነ ተቀማጭ ዕቃ መያዝ የብልኅ ነጋዴ ልማድ ሊሆን ይገባል።

5ኛ/ የዕቃው ክብደትና ዋጋ

የጭነት ኪራይ የሚከፈለው በክብደት እንጂ በዋጋ አይደለም። ለትምህርት ያህል የአንድ ኩንታል ኪራይ 300 ብር ነው እንበል። ኩንታሉ 3,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ቢሆን ኪራዩ ከዋጋው ከመቶ 10 ይወስዳል። ኩንታሉ 30,000 ብር የሚያወጣ ቢሆን ግን የሚወስደው ከመቶ 1 ብቻ ነው። መንገዱ ያው፣ መኪናውም ያው ነው፤ ልዩነቱ በጆንያው ውስጥ ያለው ነገር ነው።

በዚህ ሚዛን የጉናን ሀብት እየነጠሉ መመርመር ይጠቅማል።

ድንች፦ ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል፤ ዛሬ ለጉና ደጋ ገበሬ ዋና ሰብል ሆኗል። ነገር ግን ከድንች ክብደት ከመቶ 80 ያህሉ ውሃ ነው። በላይኛው ምሳሌ መሠረት ለአንድ ኩንታል ድንች 300 ብር ኪራይ የከፈለ ነጋዴ 240 ብሩን የከፈለው ለውሃ ነው። ከዚህም በላይ ድንች ቶሎ ይበላሻል፤ ገበሬውም ይህን ስለሚያውቅ በመከር ጊዜ በተገኘው ዋጋ ይሸጠዋል። መድኀኒቱ ቀዝቃዛና ነፋስ የሚያገኝ ጎተራ መሥራት፣ መልካሙን ለዘር መለየት፣ ሲቻልም በአገሩ ላይ ማቀነባበር ነው። ለዘር የተለየ ድንች ለመብል ከሚሆነው የበለጠ ዋጋ ስለሚያወጣ መንገዱን ይችላል።

ገብስ፦ በጥሬው ሲሸጥ ርካሽና ከባድ ነው። ለብቅል የሚሆነው ዓይነት ተመርጦ፣ ሳይደባለቅና ተጣርቶ ሲቀርብ ግን ሌላ ዕቃ ይሆናል። በጎንደር ከተማ የቢራና የብቅል ፋብሪካ መቋቋሙ ገዢውን ወደ ደጋው አቅርቦታል። ከነጋዴው የሚፈለገው ገብሱን በዓይነቱ መለየትና ቃሉን መጠበቅ ነው፤ አንድ ጊዜ የተደባለቀ ጭነት ያመጣ አቅራቢ ሁለተኛ ጊዜ አይጠራም።

ሩዝ፦ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ ሞክረው ካስለመዱት ወዲህ፣ ቀድሞ ውሃ የሚተኛበት ማሳ የሀብት ምንጭ ሆኗል። የሩዙ ንግድ ወረታን አሳድጓታል፤ መፈልፈያ ወፍጮዎችም ተተክለውባታል። ገለባው እዚያው ቀርቶ ፍሬው ብቻ መጫኑ ከላይ የተባለውን ሕግ በተግባር ያሳያል። በደንብ ተፈልፍሎ፣ ጠጠሩ ተለቅሞና በመጠን ታሽጎ ሲቀርብ ደግሞ ከውጭ ከሚገባው ሩዝ ጋር መወዳደር ይችላል።

ከብት፣ በግና ማር፦ የፎገራ ከብትና የፋርጣ በግ በየስማቸው የታወቁ ናቸው። እንስሳ በእግሩ ስለሚሄድ ጥንትም ከባሕር ለራቀ አገር ምቹ ዕቃ ነበር። ቆዳው ግን ባልተጠነቀቀ ቢላዋ ከተበሳ፣ በጊዜውም ጨው ካልተነሰነሰበት ዋጋውን ያጣል። ማርና ሰም በክብደታቸው ውድ፣ በመንገድም ታጋሽ ስለሆኑ ለዚህ አገር ከሁሉ የተስማሙ ዕቃዎች ናቸው፤ የሚያጠፋቸው መንገድ ሳይሆን ባዕድ ነገር መቀላቀል ነው።

ሽመና፦ በፎገራ ወረዳ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረ ሰብ እንደ ምሳሌ ሊጠቀስ ይገባል። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ በእርሻ ብቻ አልተወሰነም፤ ወንዱም ሴቱም በሽመና ሥራ ተሰማርተው ጋቢና ልዩ ልዩ ልብስ እየሠሩ ይሸጣሉ። አንድ ሰው በጀርባው ተሸክሞ የሚያወጣው ጋቢ በአህያ ከሚጫን ገብስ የበለጠ ዋጋ ሊያስገኝ ይችላል።

6ኛ/ ልማዱ ለንግድ ያለው ትርጕም

የአገርን ልማድ የማያውቅ ነጋዴ ዕቃውን ያለ ጊዜው ያመጣል። በጉና አገር የገበያው መሪ የቤተ ክርስቲያን ዘመን መቍጠሪያ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ በነቢያት ጾም፣ በነሐሴም በፍልሰታ 15 ቀን፣ ከእነዚህም ሌላ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ የሥጋ፣ የቅቤና የእንቍላል ገበያ ይቀዘቅዛል፤ የሽሮ፣ የኑግ፣ የተልባና የዘይት ገበያ ይሞቃል። ጾሙ በሚፈታበት ዋዜማ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል።

የከተማይቱ ስም የተወሰደበት የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። ልጆች ጅራፍ እያጮኹና ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ሙልሙልም ይሰጣቸዋል። ይህ ጊዜ ክረምቱ ያልወጣበት፣ የገበሬውም ጎተራ የሳሳበት ወቅት ስለሆነ ባለ ሱቁ በዱቤ የሚፈተንበት ነው። እህሉ ከኅዳር እስከ ጥር ሲገባ ገንዘብ ይገኛል፤ ዕዳ ይከፈላል። በጥርና በየካቲት የሠርግ ጊዜ ሲሆን ጨርቅ፣ ስኳር፣ የቤት ዕቃና የራስ ጌጥ ይፈለጋል። ብርዱ ጽኑ ስለሆነ ብርድ ልብስ፣ ካፖርትና ወፍራም ጨርቅ ዓመቱን በሙሉ ገዢ አያጡም።

ይህ አገር የትምህርትም አገር ነው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት ምስክርነታቸው ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ እዚያ ዓመታት ተቀምጦ፣ በመምህሩ ፊት ተመስክሮለት ይመለስ ነበር፤ ዛሬም ይመለሳል። ንግድም ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። በቃል መታመን፣ ሥራን ለብዙ ዓመት በትዕግሥት መማር፣ ያላወቁትንም ዐውቃለሁ ብሎ አለመመስከር ለነጋዴ እንደ ዋና ገንዘብ የሚቈጠሩ ናቸው።

7ኛ/ ከአንዲት ትንሽ አገር የሚገኝ ትምህርት

ይህን ነገር ከውጭ አገር ጋር ማመዛዘን ለሚወድ አንባቢ በደቡባዊ አፍሪቃ የምትገኘው ሌሶቶ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። ሌሶቶ በ1959 ዓ.ም. ነጻነትዋን ያገኘች፣ ዙሪያዋን በሙሉ በደቡብ አፍሪቃ የተከበበች መንግሥት ናት። ስፋትዋ 30,355 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የሕዝብዋ ቍጥር ከሁለት ሚሊዮን ብዙ አይርቅም። ደቡብ ጎንደር ገና በ1999 ዓ.ም. ይህን ያህል ሕዝብ የያዘው ከዚህ ስፋት ከእኩሌታ ባነሰ መሬት ላይ ነበር። ሌሶቶም እንደ ጉና ብርዳማ ደጋ ናት፤ ዝቅተኛው ሥፍራዋ እንኳ 1,400 ሜትር ከፍታ አለው። ሕዝብዋም በግና ፍየል አርቢ፣ ብርድ ልብስ ለባሽ ነው።

ይህች አገር ሁለት ነገር ታስተምራለች። አንደኛው መልካም ምሳሌ ነው። ከተራሮችዋ የሚወርደውን ውሃ በግድብ አጠራቅማ፣ በ1979 ዓ.ም. በተፈረመ ውል መሠረት ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ለደቡብ አፍሪቃ ትሸጣለች። ተራራው ራሱ ሀብት ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የበጎችዋና የፍየሎችዋ ጠጉር በአብዛኛው ባልተሠራ መልኩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በዓለም የታወቀው የሌሶቶ ብርድ ልብስ ግን የሚሠራው በአብዛኛው በጎረቤት አገር ፋብሪካ ነው። ጥሬውን ሸጦ የተሠራውን የሚገዛ ሕዝብ የመንገዱን ኪራይ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ መጀመሪያ ሲልክ፣ ኋላም ሲቀበል።

የጉና ገብስ በጥሬው ወጥቶ ቢራ ሆኖ ሲመለስ፣ ቆዳው ወጥቶ ጫማ ሆኖ ሲመጣ፣ የደጋው ሰው የሚከፍለው ይህንኑ ድርብ ኪራይ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ባሕሩን ማቅረብ በአንድ ነጋዴ እጅ ያለ ነገር አይደለም፤ ዕቃውን ማቅለል ግን ነው። ላኪው ከመጫኑ በፊት ያጣራ፣ ይለይ፣ ያሽግ። አስመጪው ዕቃ አራግፎ በባዶ የሚመለሰውን መኪና አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የመልስ ጭነት ያገኘ ባለ መኪና ኪራዩን ዝቅ ለማድረግ ፈቃደኛ ነውና። ባለ ሱቁ የጾሙን፣ የመከሩንና የሠርጉን ወቅት በመዝገቡ ጽፎ ይያዝ፤ ለክፉ ቀንም የሚሆን ጨውና ዘይት በመጋዘኑ ያኑር። ገንዘብ ያላቸውም ተባብረው ወፍጮውን፣ ጎተራውንና ማቀነባበሪያውን ወደ ሰብሉ ያቅርቡ እንጂ ሰብሉን በጥሬው ወደ ሩቅ ፋብሪካ አይከተሉ።

ሰባት ቶን መድፍ በዚያ ዳገት የወጣው በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት ነበር። የዛሬው ነጋዴ ያን ያህል ጉልበት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጭነቱ መንገዱን የሚችል መሆኑን ከመነሣቱ በፊት መመዘን ነው።